ክሬይፊሽ ሐይቅ አካባቢ ኩሬ ቆፍሬ ላረባ ነው፣ የምታውቁ ሰዎች ምን ትላላችሁ?

የተሁለደሬው፦

ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ አርድቦ ሐይቅ በሚወስደው በኩል ከአባቴ የደረሰችኝ ትንሽ መሬት አለች፣ ምንጭ አላት፣ ክረምት ከበጋ ውሃ አያጣትም። ሽንኩርትና ቲማቲም ነበር የምተክልባት ግን የማዳበሪያው ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም፣ ገበያው ደግሞ ሁሉም አንድ ሰሞን ስለሚያወጣ ይወድቃል፣ የምታውቁት ነው።

አሁን የአክስቴ ልጅ ውጭ ሀገር ሬስቶራንት ውስጥ ይሰራል፣ እሱ ነው ስለዚህ ክሬይፊሽ የሚባል ነገር የነገረኝ። ለማታውቁት ሸርጣን ነገር ነው ግን ጅራቱ ረዘም ያለ፣ ፊት ለፊት ሁለት መቆንጠጫ ያለው፣ ሲቀቀል ቀይ የሚሆን፣ የሚኖረው ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ነው። እዛ በኬጂ የሚሸጥበትን ዋጋ ሲነግረኝ ማመን አቃተኝ፣ ከዛ ቪዲዮ ላከልኝ፣ ማዳጋስካር ውስጥ ሴቶች በሳፋ ሞልተው ገበያ ላይ ሲሸጡት። መኖ አይመርጥም፣ የበሰበሰ ቅጠል ይበላል፣ ቶሎ ይራባል ነው የሚሉት። እሱ ለበዓል ሲመጣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በሕይወቱ አመጣልሃለሁ፣ ከውሃ ወጥቶም ቀናት ይቆያል አለኝ።

ጥያቄዬ እንግዲህ፣ አንደኛ የኛ አየር ይስማማዋል ወይ፣ ሌሊት ይበርዳል ታውቃላችሁ። ሁለተኛ ገዢ አገኛለሁ ወይ፣ ያሰብኩት ኮምቦልቻ ያሉ የውጭ ዜጎችንና አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ ሆቴሎችን ነው። ሌላው ደግሞ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት ነገሩን ስነግራቸው «ልጄ የማታውቀውን አውሬ ከሐይቁ አጠገብ አታምጣ» አሉኝ። እሳቸውን አከብራለሁ፣ ግን ምክንያቱን አልነገሩኝም፣ ስለዚህ የምታውቁ ካላችሁ ምክንያቱን ንገሩኝ።


ሎጎ ዳር፦

ወንድሜ እኔ ሐይቅ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አባቴም አጎቶቼም በመረብ ነው ያሳደጉን፣ እባክህን ይሄን ነገር አታምጣብን። የሰፈርህ አባት የነገሩህ ትክክል ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ሎጎ፣ ያው የሐይቅ ከተማው ሐይቅ፣ መውጫ ወንዝ የለውም። የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የለውም። የአርድቦ ትርፍ ውሃ በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቁ ነው የሚወርደው፣ አንተ ደግሞ ያለኸው በመሀል ነው። ካንተ ኩሬ ያመለጠ ነገር የመጨረሻ ማረፊያው ሐይቁ ነው ማለት ነው፣ ታጥቦ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለም።

ሐይቁ ደግሞ ለውጥ ቶሎ የሚያይበት ሐይቅ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ራሱ እ.ኤ.አ በ1978 ነው የተጨመረበት፣ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ በሱ ነው የሚኖረው፣ እኔም በሱ ነው ትምህርቴን የተማርኩት፣ ጠላሁት አልልም። ግን ከዛ በፊት ውሃው ጥርት ያለ ነበር ይላሉ ትልልቆቹ፣ ያጠኑት ሰዎችም ይሄንኑ ነው የጻፉት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉትን ትንንሽ ነፍሳት ቆሮሶው ሲበላቸው አረንጓዴውን ዋቅላሚ (አልጌ) የሚበላ ጠፋና ውሃው አረንጓዴነቱ ጨመረ። አንድ ሰላማዊ ዓሣ ይሄን ካደረገ መቆንጠጫ ያለው ሁሉን በሊታ ምን እንደሚያደርግ አስበው። ቆሮሶ እንቁላሉን የሚጥለው ዳር ዳሩን ጥልቀት በሌለው ቦታ ጎጆ ሰርቶ ነው፣ ፊላውና ሳሩ ስር፣ ያ ደግሞ ይሄ ያልከው እንስሳ የሚውልበት ቦታ ነው።


ናይቫሻ ያለሁ ወሎዬ፦

ሰላም የሀገሬ ልጆች። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው አሁን ኬንያ ናይቫሻ አበባ እርሻ ውስጥ እሰራለሁ፣ እና ይሄን ጥያቄ ሳይ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም ምክንያቱም የምኖረው ክሬይፊሽ የገባበት ሐይቅ ዳር ነው።

መጀመሪያ አየሩን ለጠየቅከው፣ ናይቫሻ ከባህር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚጎድለው፣ ሐይቅም 1,900 ሜትር አካባቢ ነው። ሌሊቱ እዚህም ይበርዳል። እንደዛም ሆኖ ክሬይፊሹ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ አልሞተም። ስለዚህ አየሩ አይስማማውም ብላችሁ የምትጽናኑ ካላችሁ እሱን እርሱት። ሁለቱ ሐይቆች ሌላም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፣ ናይቫሻም ከላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም።

እዚህ ያለው ቀዩ የሉዊዚያና ክሬይፊሽ ነው የሚባለው፣ አሜሪካ ነው ሀገሩ። መጀመሪያ ኡጋንዳ ገባ ከዛ እ.ኤ.አ በ1970 ወደ ናይቫሻ አመጡት፣ በድብቅ ያመጣው የለም፣ ለገበያ ይሆናል ተብሎ ታስቦበት ነው። መጀመሪያ ላይ እውነትም ቢዝነስ ነበር፣ ወደ አውሮፓ ይላክ ነበር ይባላል። ግን ሐይቁ ውስጥ የነበሩት ተክሎች፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ሰማያዊ የውሃ አበባም፣ ስር ያለው ሳርም ተጠረገ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባዶ ነበር ነው የሚሉት የድሮ ሰዎች። ከዛ ክሬይፊሹ የሚበላው ሲያጣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ተክሉ ትንሽ ያገግማል፣ ክሬይፊሹ ተመልሶ ይበዛል፣ እንዲህ ሲወጣ ሲወርድ ነው የኖረው። ሳሩን ተደግፈው የሚኖሩ የውሃ ወፎችም አብረው ቀነሱ። የውሃ አበባው በሄደበት ቦታ ላይ ደግሞ እንቦጭ መጣ፣ እ.ኤ.አ ከ1988 ጀምሮ፣ ጣና ላይ ያየነው እንቦጭ ራሱ።

አንድ አስጋሪ ባልዲ ውስጥ አሳይቶኛል። ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ነው፣ መቆንጠጫው ላይ ደማቅ ቀይ ጉብጉብ ያለ ነጠብጣብ አለው፣ እጅህን ስታስጠጋ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሁለቱን መቆንጠጫ ከፍ አድርጎ ይጠብቅሃል። አንዷን ገልብጦ ጅራቷ ስር አሳየኝ፣ ጥቁር አዝሙድ የመሰለ እንቁላል በብዙ መቶ ተጣብቆባታል። እንቁላሉ ከተፈለፈለም በኋላ ጫጩቶቹ እዛው ጅራቷ ስር እንደተንጠለጠሉ ይቆያሉ። ስለዚህ አንዲት ሴት ስታመልጥህ ብዙ መቶ ነው ያመለጠህ።

ገበያውን በተመለከተ፣ ኬንያዊው ራሱ ብዙም አይበላውም፣ ቱሪስት የሚያስተናግዱ ሆቴሎች ናቸው የሚወስዱት፣ ያውም ዓመቱን ሙሉ አይደለም። አስጋሪው የሚኖረው አሁንም በዓሣ ነው። እንግዲህ ናይሮቢና ናይቫሻ ላይ ይሄን ያህል ቱሪስት እያለ ገዢ ያልበዛለት ነገር ሐይቅ ላይ ምን ገዢ ያገኛል? የኛ ሰው ደግሞ አምባዛ እንኳን ቅርፊት የለውም ብሎ የማይበላ ብዙ ነው፣ ኦርቶዶክሱ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ የሚለውን ኦሪት ይዞ ሸርጣን አያስጠጋም፣ ሙስሊሙም ቢሆን ሰፈር ውስጥ ሸርጣን ሲበላ ያየሁት የለም፣ ሸሆቹን ሳይጠይቅ አያነሳውም። የቀረህ ገዢ ሆቴል ብቻ ነው፣ ሆቴሎቹ ደግሞ የቀዘቀዘ ከውጭ ማስገባት ይቀላቸዋል።


መምህር ከሆጤ፦

እንዴት ናችሁ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ ምክንያቱም የማዳጋስካሩ ቪዲዮ የብዙ ሰው ልብ እየሳበ ነው፣ ተማሪዎቼም አሳይተውኛል።

ቪዲዮው ላይ ያለው እብነበረድ ክሬይፊሽ የሚባለው ነው፣ ጀርመኖቹ ማርሞርክሬብስ ይሉታል። ይሄ ፍጥረት ከሌሎቹ ይለያል። እ.ኤ.አ በ1995 ጀርመን ሀገር ዓሣ በመስታወት የሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ ነው የታወቀው፣ ዘሩ ከፍሎሪዳ አካባቢ ካለ ዝርያ የመጣ ነው። ሁሉም ሴት ናቸው። ወንድ የለውም፣ አያስፈልገውምም። እንቁላሉ ሳይዳቀል ይፈለፈላል፣ የሚወጡት ሁሉ የእናቲቱ ግልባጭ ናቸው። እንደኛ ሁለት ሳይሆን ሦስት ረድፍ ክሮሞዞም ነው ያለው፣ እ.ኤ.አ በ2018 የዘረመል ጥናቱ ሲወጣ ዓለም ላይ ያሉት በሙሉ ከአንዲት እናት የተገኙ እንደሆኑ ታየ። ስለዚህ «ወንድ ብቻ አመጣለሁ» ወይ «ሁለት ሦስት ብቻ ነው የማመጣው» የሚል መከላከያ እዚህ ጋ አይሰራም፣ አንዷ ትበቃለች።

ማዳጋስካር የገባው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ መጀመሪያ የታየው ዋና ከተማዋ አንታናናሪቮ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ በ2007 የተስፋፋበት ቦታ አንድ ሺህ ስኩዌር ኪሎሜትር ያህል ነበር፣ በ2017 መቶ ሺህ ደርሷል። በአስር ዓመት መቶ እጥፍ! ራሱ ተጉዞ ብቻ አይደለም ይሄን ያህል የሄደው። ሰው ነው በባልዲ ያጓጓዘው። ገበሬው ልክ እንዳንተ መልካም አስቦ፣ ልጆቼን አበላበታለሁ ብሎ፣ ከገበያ ገዝቶ የሩዝ ማሳው ውስጥ ጣለው፣ ዘመዱ ደግሞ ከሱ ወስዶ ሌላ ቦታ ጣለው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሀገሩን አዳረሰው።

አሁን ደሴት ላይ ሲሆን ለምን እንደሚብስ ላስረዳ። አፍሪካ ዋናው ምድር ላይ ሀገር በቀል ክሬይፊሽ የሚባል የለም፣ የኛ ወንዞች ያላቸው ሸርጣን ነው። ማዳጋስካር ግን የራሷ አላት፣ ሰባት ዝርያ ይቆጠራል፣ አስታኮይደስ ይባላሉ፣ ሌላ የትም ዓለም ላይ የሉም። በምስራቁ ደጋ ጫካ ውስጥ በቀዝቃዛ ጅረት ነው የሚኖሩት፣ ዕድገታቸው ዘገምተኛ ነው፣ ለመራባት ዓመታት ይፈጅባቸዋል። በወራት ውስጥ ከሚደርስና በአንድ ጊዜ በመቶ ከሚፈለፍል መጤ ጋር እንዴት ይወዳደራሉ? መሸሻም የላቸውም። ዙሪያው ባህር ነው፣ ጅረቱ አጭር ነው፣ ከዛ ጅረት ከጠፉ ከምድር ጠፉ ማለት ነው።

ጃፓንም ደሴት ናት። እ.ኤ.አ በ1927 ለእርባታ እንቁራሪት ምግብ ይሆናል ተብሎ ቀዩ ክሬይፊሽ ከአሜሪካ በመርከብ ተጫነለት፣ አብዛኛው መንገድ ላይ አልቆ በሕይወት የደረሰው 20 ያህል ብቻ ነበር። ከሃያ! ዛሬ አገሩን ሞልቶታል፣ ኩሬዎች ውስጥ የነበሩ የውሃ ጥንዚዛና የውኃ ተርብ ዕጮችን ከየቦታው አጥፍቷል። ጃፓን መሸጡንና ውሃ ውስጥ መልቀቁን የከለከለችው በሰኔ 2023 ነው፣ ከ96 ዓመት በኋላ። እነዛን ያህል አቅም ያላቸው ሰዎች ማጥፋት አልቻሉም፣ መከልከል ብቻ ነው የቻሉት።

አየርላንድን ደግሞ ስሙ። እዛ ያለው ሀገር በቀሉ ነጭ እግር ክሬይፊሽ ብቻ ነው። የአሜሪካኖቹ ክሬይፊሾች ይዘውት የሚዞሩት፣ እነሱን የማይገድል የአውሮፓዎቹን ግን የሚፈጅ አንድ በሽታ አለ። የአሜሪካ ክሬይፊሽ አየርላንድ ውስጥ ሳይቋቋም በሽታው እ.ኤ.አ በ2015 ደረሰ። የበሽታው ዘር በእርጥብ ጫማና በእርጥብ መረብ መጓዝ ይችላል።

እንግዲህ የሐይቅን ጉዳይ ከዚህ ጋ አገናኙት። ሎጎም አርድቦም በደረቅ ምድር የተከበቡ፣ መውጫ የሌላቸው ወይም ጠባብ መገናኛ ያላቸው ውሃዎች ናቸው። ውስጣቸው ላለው ፍጥረት ደሴት ላይ እንደመኖር ነው፣ ከዛ ወጥቶ የሚሄድበት ሌላ ውሃ የለውም። እንዲህ ያለ እንስሳ አይተውም አያውቁም፣ እንዴት እንደሚከላከሉት አያውቁም።


የተሁለደሬው፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እንዲህ ጊዜ ሰጥታችሁ ስለጻፋችሁ። ግን በደንብ እንዲገባኝ ልሟገታችሁ።

በሲሚንቶ ገንዳ ባደርገውስ፣ ላዩን በወንፊት ሽቦ ብሸፍነው። ሌላው ደግሞ ያነበብኩት ነገር አለ፣ ክሬይፊሽ ቀንድ አውጣ ይበላል፣ ቀንድ አውጣው ደግሞ ቢልሃርዝያ ነው የሚያስተላልፈው። እኛ ጋ ልጆቻችን በቢልሃርዝያ እየተሰቃዩ ነው፣ ይሄ ጥቅም አይደለም ወይ? ማዳጋስካርም ቢሆን ሰዉ እየበላው እየሸጠው ነው፣ ደሀ ፕሮቲን አገኘ ማለት እኮ ነው። መምህር እስቲ በዚህ ላይ ይበሉ።


መምህር ከሆጤ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይሄን ማንሳትህ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም አንዱም ውሸት አይደለም።

ቢልሃርዝያን በተመለከተ እውነት ነው፣ ሐይቅ ከተማ ልጆች ላይ መገኘቱ እ.ኤ.አ በ2015 በታተመ ጥናት ተጽፏል፣ ከሚሴና ባቲ በኩልም አዲስ ነገር አይደለም። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ክሬይፊሽ የተጨመረባቸው ትንንሽ ግድቦች አጠገብ ያሉ ተማሪዎች ላይ በሽታው መቀነሱ በ1999 ታትሟል። ማዳጋስካር ላይም እብነበረዱ ቀንድ አውጣ እንደሚበላ አይተዋል። ይሄን የምክደው ነገር የለም። ግን ቀንድ አውጣውን ከበላ በኋላ እዛ አያቆምም፣ የዓሣ እንቁላሉንም፣ ሳሩንም፣ የነፍሳቱን ዕጭም ይቀጥላል፣ አንተ ደግሞ ቀንድ አውጣ ብቻ ብላ ልትለው አትችልም። ለቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፣ ትምህርት ቤት ይታደላል፣ ሽንት ቤት አለ፣ ልጆች የሚዋኙበትን ቦታ መለየት አለ፣ እነዚህ ካልሰሩ አቁመህ ሌላ ትሞክራለህ። ሴኔጋል ውስጥም በእንስሳ ለመከላከል የሞከሩ ተመራማሪዎች የመረጡት ድሮውኑ የወንዛቸው የነበረውን ትልቅ ሽሪምፕ ነው፣ ግድብ መንገዱን ዘግቶበት የጠፋውን ነው የመለሱት፣ የባዕድ አላመጡም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ስለ ደሀው ፕሮቲንም ልክ ነህ፣ ማዳጋስካር ላይ ሰው ተጠቅሟል። የበላውን ሰው የሚወቅስ ልብ የለኝም። ግን እዛ ገብቷል፣ ማውጣት አይቻልም፣ ስለዚህ ከገባ ወዲያ የገባውን መብላት ነው። እኛ ጋ ገና አልገባም። ያ ትልቅ ልዩነት ነው፣ እኛ አሁንም መምረጥ እንችላለን።

ገንዳውን ሌሎቹ ይመልሱልህ።


እትዬ ከመርሳ፦

እኔ ሳይንሱን አላውቀውም ልጆቼ፣ በመስኖ ሽንኩርት የማለማ ሴት ነኝ። አንድ ነገር ግን ጥያቄ ሆነብኝ፣ ይሄ ነገር ጉድጓድ ይቆፍራል ሲባል ሰማሁ ልክ ነው? ከሆነ የቦያችን ነገር ያሳስበኛል። እኛ ጋ ቦዩ አፈር ነው፣ አይጥ ሲቦረቡረው እንኳን ውሃው ሾልኮ የታችኛው ገበሬ ተራው ሲደርስ ጠብታ አይደርሰውም፣ ከዛ ፀቡ ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚበርደው።


ናይቫሻ ያለሁ ወሎዬ፦

እትዬ ልክ ነዎት፣ ይቆፍራል። በተለይ ቀዩ። ውሃ ሲቀንስበት ወደ ታች ወደ ጭቃው ይቆፍርና እርጥበቱ ውስጥ ወራት ይቆያል፣ ሴቷ እንቁላሏን ይዛ እዛው ትደበቃለች። ሩዝ የሚያመርቱ አገሮች ዋና ስሞታቸው ይሄ ነው፣ የማሳው ድንበር ይቦረቦርና ውሃው ያመልጣል። የርስዎ ዓይነት የአፈር ቦይ ለሱ የሚመች ቤት ነው። ለዛም ነው ኩሬውን አድርቄ እጨርሰዋለሁ የሚባለው የማይሰራው፣ አድርቀኸው ስታበቃ እሱ ጭቃው ውስጥ ክረምት እየጠበቀ ነው።

ወንድሜ ስለ ገንዳው። ሌሊት በዝናብ ጊዜ ከውሃ ወጥቶ በመሬት ላይ ይሄዳል፣ በመሬት ላይ ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ውሃ መሻገር የታወቀ ጠባዩ ነው። በመውጫ ቱቦ ይወጣል፣ ገና የተፈለፈለው ደግሞ በወንፊትህ ቀዳዳ የሚያልፍ ነው። ሽቦውን አጠበቅከው እንበል፣ ጎርፍስ? የኛ ክረምት ከአምባሰል ሲወርድ ምን እንደሚያመጣ አንተ ነህ የምታውቀው። ጎርፉን አለፍከው እንበል፣ የሰፈር ልጅስ? አንዱን ለመጫወቻ ይወስደዋል፣ ሲሰለቸው ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል፣ ልጅ ነው አይወቀስም።

ደቡብ አፍሪካ፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ ያሉ ሰዎች ሌላ ዓይነት ነው የገጠማቸው፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ቀይ ጥፍር የሚባለው። እሱ የተስፋፋው ከእርባታ አምልጦ ነው፣ አርቢዎቹ ካንተ የሚበልጥ ገንዘብና ባለሙያ ይዘው ነው ያመለጣቸው። ካፉዌ ወንዝና ካሪባ ሐይቅ ላይ ያሉ አስጋሪዎች ምሬታቸው ምን መሰላችሁ፣ ማታ መረብ ጥለው ጠዋት ሲያወጡት የተያዘው ዓሣ ተበልቶ ነው የሚያገኙት። ክንፉ፣ ጅራቱ፣ ሆድ እቃው ተበልቶ። እንዲህ የሆነ ዓሣ ማን ይገዛሃል? ሎጎ ዳር ያልከው ወንድሜ ይሄን አንብበው።


ሎጎ ዳር፦

አነበብኩት፣ ሆዴ ነው የተላወሰው። እኛ እኮ ማታ ጥለን ንጋት ላይ ነው የምናወጣው፣ መረቡ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው የሚያድረው። ለሊት የሚበላ እንስሳ ከገባ የኛ ስራ አለቀ። በማኅበር የተደራጁት ወጣቶች ደግሞ መረቡን በብድር ነው የገዙት፣ ብድሩን የሚከፍሉት ከሆዱ ከተበላ ዓሣ ነው?


አኳ ገርጂ፦

አዲስ አበባ ሆኜ ዓሣ በመስታወት አሳድጋለሁ፣ አልፎ አልፎ ክሬይፊሽ ያለህ የሚል ሰው ይደውልልኛል፣ ሰማያዊውን፣ ነጭውን፣ ቲክቶክ ላይ አይተው። አላስገባም፣ የማስገባበት መንገድ ቢኖረኝም አላስገባም። ማርሞርክሬብሱ ዓለምን የዞረው በኛ ዓይነት ሰው ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ብቻውን አንድ ታስገባለህ፣ ትንሽ ቆይተህ ስታይ መስታወቱ ሞልቷል፣ ሰው መግደል ያሳዝነዋል፣ ወንዝ ወስዶ ይለቀዋል። አውሮፓ ሕብረት እ.ኤ.አ ከ2016 ጀምሮ ማርባትም መሸጥም ማጓጓዝም ከልክሏል። ቤታችሁ መስታወት ያላችሁ ሰዎች፣ ዓሣም ቢሆን ተክልም ቢሆን ሲሰለቻችሁ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ፣ ለሚያሳድግ ሰው ስጡ።


የተሁለደሬው፦

ገባኝ። በተለይ የጎርፉና የመረቡ ነገር። ለአክስቴ ልጅ የጻፋችሁትን እንዳለ ልኬለታለሁ፣ ከሱ ጋ እጨርሳለሁ።

አሁን ውሃውና መሬቱ ግን አለ፣ ምን ላድርግበት ትላላችሁ? ሁለተኛ ደግሞ እኔ ተውኩት እንበል፣ ሌላ ሰው ሳያውቅ ቢያመጣውስ? ቪዲዮውን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ቢታይ ለማን ነው የሚነገረው?


ሎጎ ዳር፦

ምንጭ ያለው መሬት ይዘህ ቆሮሶ አርባ። ሐይቁ ውስጥ ያለ ስለሆነ ቢያመልጥህም አዲስ ነገር አላመጣህም። እውነቱን ልንገርህ እንደ ቆላው ቶሎ አያድግልህም፣ ውሃችን ቀዝቀዝ ይላል፣ ስለዚህ በችኮላ ትርፍ አትጠብቅ። ግን የኩሬውን ውሃ ለሽንኩርትህ ታጠጣበታለህ፣ የዓሣው ኩስ ያለበት ውሃ ስለሆነ ማዳበሪያህን ይቀንስልሃል፣ አንተን ያስመረረህ እሱ አይደል። መኖውን የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እያቀላቀልክ ትጀምራለህ። ጫጩቱን ከዘፈቀደ ሰው አትግዛ፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዓሣ ባለሙያ ጋ ሂድና ጠይቅ፣ ሰበታና ባሕር ዳር ያሉት የዓሣ ምርምር ማዕከሎች ጋ የሚያገናኝህ እሱ ነው። ሽያጩን ደግሞ ለአብይ ጾም አድርሰው፣ ያኔ ደሴም ወልዲያም ዓሣ ይፈለጋል። መረብ አጣጣሉን ከፈለግክ እኔ ራሴ መጥቼ አሳይሃለሁ።


መምህር ከሆጤ፦

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ። ሐይቁም ላይ ይሁን ቦርከና ላይ ሚሌም ላይ፣ ሁለቱ ወንዞች ወደ አዋሽ ነው የሚሄዱት፣ አፋር ላይ ያሉት መስኖዎች ድረስ ማለት ነው፣ እንግዳ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ ከሸርጣን ለዩት። የኛ ሸርጣን ክብ ነው፣ ጅራቱ ሆዱ ስር ታጥፎ ስለተጣበቀ ከላይ አይታይም። ክሬይፊሽ ሰውነቱ ሞላላ ነው፣ ጅራቱ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ጫፉ እንደ ማራገቢያ ይከፈታል። ሸርጣን ከሆነ ተዉት፣ የወንዙ ልጅ ነው፣ በስህተት እንዳትፈጁት።

ክሬይፊሽ ከሆነ ውሃው ውስጥ አትመልሱት፣ በሕይወቱም ወደ ሌላ ቦታ አትውሰዱት፣ ለማሳየት ብላችሁም ቢሆን። ከላይም ከሆዱ በኩልም ፎቶ አንሱት፣ ለመጠን እንዲያመች አጠገቡ ሳንቲም አድርጉ፣ ከዛ ግደሉትና አረቄም ይሁን አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡት። ቦታውን በደንብ ጻፉ፣ የቀበሌውንና የወንዙን ስም፣ ከየትኛው ድልድይ በላይ ወይም በታች እንደሆነ። ለወረዳው ግብርና ባለሙያ ስጡ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ክፍል ብትወስዱትም ይለዩላችኋል። ገና ጥቂት ሳለ ከታወቀ፣ አንድ ኩሬ ላይ ብቻ ሳለ፣ ያኔ ብቻ ነው ማጥፋት የሚሞከረው፣ ወንዝ ከገባ በኋላ የተሳካለት አገር የለም ማለት ይቻላል።

ሎጎ ዳር፣ አንተ ደግሞ ለማኅበሩ ልጆች ይሄን ነገር ንገራቸው፣ ከሁሉም በፊት የሚያዩት እነሱ ናቸው። ከአርድቦ ወደ ሎጎ መረብና ታንኳ የሚያመላልስ ሰው ካለ ሳያደርቀው እንዳይወስድ።


ሎጎ ዳር፦

እሺ መምህር፣ ቅዳሜ ስንሰበሰብ እነግራቸዋለሁ። ፎቶውን ካገኙ አንድ ላኩልኝ፣ የሸርጣኑንም የክሬይፊሹንም ጎን ለጎን ያደረገ፣ አትሜ ዓሣ የምናራግፍበት ቦታ ላይ እለጥፈዋለሁ።